ሻሽ ያሰረችው አባ ኮዳ

ባለፈው ወር ልጄ ሳራ ከቤት ልታስወጣኝ ፈልጋ "እማ፣ የሥዕል ዐውደ ርእይ አለ፤ አንዴ አይተሽ ትመለሻለሽ" አለችኝ። ባለቤቴ መኮንን ከሞተ ስድስተኛ ወሩ ነበር። ድንኳኑ ከተነሣ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከአትክልት ተራ በቀር የትም ሄጄ አላውቅም። የአዳማ ነፋስ የተነሣበት፣ አቧራው ከአስፋልቱ ዳር እየተጠቀለለ በየበሩ የሚገባበት ሰሞን ነው። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ በባጃጅ ሄድን።

ሥዕሎቹ የተሰቀሉት አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ሠዓሊዋ ወጣት ናት፤ ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ከጥፍሯ ሥር ቀለም ያልለቀቃት። የሣለቻቸው ሁሉ ሴቶች ናቸው። አንዷ ትከሻዋ ላይ ግራር በቅሎባታል። አንዷ ደረቷ እንደ መስኮት ተከፍቶ ውስጡ ሐይቅ ይታያል። ሦስተኛዋ ዘንድ ስደርስ እግሬ አልሄድ አለ። የሴት ገላ፣ የወፍ ራስ። ምንቃሩ ረጅም ነው፤ የሚታየው አንድ ዐይኑ ብቻ ነው፤ ያ ዐይን ወደ እኔ ያያል።

ሳራ ወንበር አመጣችልኝ። ሠዓሊዋ ውሃ ይዛ መጣች።

"እማማ፣ ሥዕሌ ነው እንዴ ያሳመመዎት?" አለች፤ ልትቀልድ ሞከረች እንጂ ፈርታለች።

"ቆንጆ ነው ልጄ" አልኳት። "ግን እርጉዝ ሴት ብትመጣ ምን ታደርጊያለሽ?"

ሳቀች። እኔ እንዳልሳቅሁ ስታይ ሳቋን ዋጠችው። ምን ማለቴ እንደሆነ እዚያ ተቀምጬ ላስረዳት አልቻልኩም፤ ነገሩ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር የሚያልቅ አይደለም። አሁን ቀስ ብዬ እጽፈዋለሁ። በቀን አንድ ገጽ ከሆነልኝ ብዙ ነው።

ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ናዝሬት ዐሥራ አንደኛ ክፍል ጨርሼ ክረምቱን አክስቴ ዘንድ ዝዋይ ላሳልፍ ሄድኩ። ዛሬ ከተሞቹን አዳማና ባቱ እንላቸዋለን፤ ያን ክረምት ሳስብ ግን በድሮ ስማቸው ነው የሚመጡልኝ። አውቶቡሱ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ የአየሩ ነገር ይለወጣል። ቆቃ ላይ ውሃው ከሩቅ እንደ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። መቂ ሲደርስ ሴቶች ቲማቲምና ፓፓያ በሳፋ ተሸክመው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ፤ አንዱ ተሳፋሪ ፓፓያ ከከፈተ እስከ ዝዋይ ድረስ ሁላችንም ፓፓያ ፓፓያ እንሸታለን።

በዚያ ዓመት የሥዕል አስተማሪያችን ከውጭ አገር የመጣ ትልቅ መጽሐፍ አሳይቶን ነበር። አንዳንዱን ገጽ በመዳፉ እየሸፈነ ነው የሚያገላብጠው። ከዛፍ ግንድ የሚወጡ ሴቶች፣ ጸጉራቸው ወንዝ የሆነ ሴቶች፣ የወፍ ፊት ያላቸው ሴቶች። "ይኼ እውነት ነው ውሸት?" ብዬ ጠየቅሁት። "ሕልም አይተሽ ስትነቂ ዋሸሁ ትያለሽ?" አለኝ። ያን መልስ ይዤ ክረምቱን ሙሉ ዞርኩ።

ዝዋይ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት ጀልባቸውን ሲያስጠጉ ሴቶች ወገባቸውን አጉብጠው የዓሣ ሆድ ያወጣሉ። አጠገባቸው አባ ኮዳዎች ተሰልፈው ይቆማሉ። አባ ኮዳን አይቶ የማያውቅ ካለ፣ ቁመቱ የልጅ ቁመት የሚያህል፣ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ሥር ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ግራጫ ክንፉን እንደ ካባ ደርቦ ለሰዓታት የሚቆም ወፍ ነው። የሚጣልለትን አንጀት ይጠብቃል። የሴቶቹ ጀርባና የወፎቹ ጀርባ አንድ ዓይነት ጉብጠት ነበረው። ሥዕሉ የተጸነሰው እዚያ ነው።

ከአክስቴ ቤት ወደ ሐይቁ ሲወርዱ የቱሉ ዓሣ ቤት ይገኛል። ቱሉ ገና ወጣት፣ ድምፁ ትልቅ፣ ሳቁ ከድምፁ የበለጠ ሰው ነበር። ግድግዳውን አዲስ አስለስኖ የሚሥልለት ሰው ይፈልጋል።

"ዓሣ ትችያለሽ?" አለኝ።

"እችላለሁ።"

"የሚስቅ ዓሣ?"

"ዓሣ ደግሞ ይስቃል?"

"እኔ ቤት ከመጣ ይስቃል!"

ከመኪና ጋራዥ የተረፈ የዘይት ቀለም አመጣልኝ። ቆሮሶ የሚባለውን የሐይቁን ዓሣ በሦስት ቀን ሥዬ ጨረስኩት፤ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ይስቃል። ቱሉ በጣም ደስ ስላለው "የዚያኛውን ግድግዳ ደግሞ የፈለግሽውን ሥሪበት" አለኝ። የፈለግሽውን ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

የቱሉ ሚስት ጫልቱ ከእኔ በአራት ዓመት ብትበልጥ ነው። አምስት ወር እርጉዝ ነበረች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጸንሳ ሁለቱም ወርደውባታል። የቱሉ እናት አዴ ሎሚ ለዘር ወደ ገጠር ከመሄዳቸው በፊት "ይኼኛው ደኅና ልጅ ሆኖ ካልመጣ ልጄ ሌላ ሴት ያያል" ብለው ነበር። ቡልቡላ ያለች የአንዲት ልጅ ስምም ይነሣል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ጫልቱ ናት፣ ሽንኩርት እየላጠች። ዐይኗን ስትጠርግ ሽንኩርቱ ነው ትለኛለች፤ እኔም ሽንኩርቱ ነው እላለሁ።

ሽንኩርት የምትልጥበት በርጩማ ልክ ከእኔ ግድግዳ ፊት ለፊት ነበር። ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም ብል እዋሻለሁ። ልብ ብዬዋለሁ፤ የሚያይልኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኛል።

አንዲት ረጅም ሴት ሣልኩ። እግሯ የግራር ሥር ሆኖ ወደ ውሃው ይወርዳል። ክንፏ ግራጫ ነው፤ እንደ ጋቢ ደርባዋለች። ራሷ የአባ ኮዳ ራስ ነው።

"መላጣ ናት" አለች ጫልቱ፣ ምንቃሩን ስጨርስ።

"አባ ኮዳ ነዋ።"

"ሴት ናት ብለሽ የለ? ሴት መላጣዋን ሰው ፊት ትወጣለች? ሻሽ አስሪላት እንጂ።"

ቀይ ሻሽ አሰርኩላት።

"አሁን ሰው ሆነች። ሲምቢሮ እንበላት።" ሲምቢሮ በኦሮምኛ ወፍ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ስትገባ እንደ ጎረቤት ሰላም ትላታለች፦ "አካም ጅርታ ሲምቢሮ?"

እጆቿን ከጫልቱ እጆች ወሰድኩ። ሆዷንም። እንደ መስኮት ከፈትኩትና ውስጡ ውሃ አደረግሁ፤ ውሃው ውስጥ ዕንቁላል፤ ዕንቁላሉ ውስጥ የተጠቀለለች ጫጩት።

"ይቺ የማን ናት?" አለች።

"ያንቺ" አልኳት።

አንድ እጇን ሆዷ ላይ፣ አንዱን ግድግዳው ላይ አደረገች። "ይቺ እንኳ አትወርድብኝም" አለች፤ "በቀለም ተይዛለች።"

ፍልሰታ ገባ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር በየዓመቱ ቢነሣም ሰው እየተከራከረ ይበላል፤ ቤቱ ይጨናነቃል። የተጠበሰ ቆሮሶ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ ዝናብ የመታው አፈር፤ ሽታው ሁሉ ተደባልቆ ይመጣብኛል። የከባድ መኪና ሾፌሮች ሥዕሌን እያዩ ይጯጯኻሉ። "ቱሉ! ይቺ ሴትዮ ከእኔ በፊት ነው የመጣችው፤ ቅድሚያ አስተናግዳት!" ይላል አንዱ። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

አዴ ሎሚ የተመለሱት ነሐሴ መጨረሻ ነው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ከዘራቸውን የሚይዙት እንጂ የማይደገፉት ሴት ነበሩ። በሩ ላይ ቆመው ግድግዳውን አዩ። ከዚያ በርጩማውን አዩ። አልጮኹም። ነጠላቸውን አውርደው፣ እሳት እንደሚያጠፋ ሰው፣ ጫልቱ ፊት ላይ ጣሉት።

"ስንት ጊዜዋ ነው?" አሉኝ።

"ምኑ?"

"እዚህ ተቀምጣ ይኼን ስታይ።"

"ስድስት... ሰባት ሳምንት።"

"አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

"የወይዘሮ ዘነበች የእህት ልጅ ነኝ። ከናዝሬት።"

"ናዝሬት እርጉዝ የለም?"

ናዝሬትማ እርጉዝ አለ። እርጉዝ ሴት ያየችው ፅንሱ ላይ ያርፋል የሚለውን ከማንም ያላነሰ ሰምቼ ነው ያደግሁት። ነጋዴዎች የወፍራም ፈረንጅ ሕፃን ሥዕል እያዞሩ ይሸጡ ነበር፤ እናቴ ታናሼን ስታረግዝ ገዝታ አልጋዋ ራስጌ ሰቅላዋለች። ወንድሜ ግን ቁርጥ አባቴን መስሎ መጣ፣ ጆሮው ሳይቀር። እኔ የተማርኩ ነኝ፤ አላምንም ነበር። አለማመኔን እርግጠኛ የነበርኩት ግን አዴ ሎሚ ያን ጥያቄ እስኪጠይቁኝ ድረስ ነው።

ቱሉ ሊስቅ ሞከረ። እናቱ አዩት። የዚያኑ ቀን ኖራ በጥብጦ አመጣ።

ሲምቢሮን ራሴ ሸፈንኳት። ሁለት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ግድግዳው እንደ ወተት ነጣ። ያላወቅሁት ኖራ የዘይት ቀለም ላይ እንደማይዝ ነው። ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ዝናቡ ቆሞ ሙቀቱ ሲበረታ ኖራው መላጥ ጀመረ። መጀመሪያ ቀዩ ሻሽ ብቅ አለ። ከዚያ የምንቃሩ ጫፍ። ከዚያ ዐይኑ።

ጫልቱ እስከዚያ ድረስ አልፈራችም ነበር። አሁን ፈራች። "ሙሉዋን ሳለች ጓደኛዬ ነበረች" አለችኝ ከጓሮ በኩል ባለው በር ቆማ። "አሁን ዐይኗ ብቻ ነው የቀረው። ዐይን ብቻውን ሲሆን ያስፈራል ጽጌ።"

እኔ ወደ ናዝሬት፣ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ደብተሬ ላይ የአበባ ክፍል ልሥል ስጀምር ቅጠሉ ምንቃር ይሆንብኛል። ምሳዬን ትቼ አውቶቡስ ተራ ሄጄ ከዝዋይ የመጣ ሰው እፈልጋለሁ፤ ሳገኝ ደግሞ ልጠይቀው እፈራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን "አክስቴ ታማለች" እያልኩ እሄዳለሁ። አክስቴን ባንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አሳመምኳት። ስደርስ ጫልቱ ካለፈው ሳምንት ይበልጥ ከስታ አገኛታለሁ። ሆዷ ይገፋል፣ ፊቷ ይጠፋል። ምግብ አስጠላት፤ ሳህን ላይ ያለው ዓሣ ሁሉ በዐይኑ የሚያያት ይመስላታል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ክሊኒክ ሄድኩ። ጤና ረዳቱን ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ አይደለሁም ማለት ሰልችቶት ነበር። ቀጭን ነው፤ ነጭ ጋውኑ ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስላል።

"እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር" አልኩት።

ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። "ማንን?" አለ። ከዚያ ጣቶቼ ላይ የቀረውን ቀለም አይቶ "የቱሉ ቤት ሠዓሊ አንቺ ነሽ? ዓሣሽ ጥሩ ነው። ብቻ መጠበሱን የወደደው ይመስላል" አለኝ።

መኮንን ይህ ነው። መጀመሪያ የነገረኝ ነገር ይህ ነው።

ሁሉንም ነገርኩት። "ይቻላል ወይ?" አልኩት።

"አይቻልም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ነኝ። እሷን የሚጎዳት አለመብላቷ ነው። ያ ያሳስበኛል።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣ ሊበላ የሚመጣ እያስመሰለ ቱሉ ቤት ይሄድ ጀመር። አንድ የእንጨት ቀንድ ነበረው፤ ጫልቱ ሆድ ላይ አድርጎ ያዳምጣል፤ አዴ ሎሚንም "ኑ፣ እርስዎም ይስሙት" ይላቸዋል። አዴ ሎሚ የልጁን ልብ ሰሙ። ከሰሙ በኋላ ቀንዱን ቀምተው ደግመው አዳመጡ ብሎ ነገረኝ።

በኋላ ያዘዙኝ ነገር ምናልባት ከዚያ የመጣ ይሆናል። ጥቅምት ላይ ስሄድ አዴ ሎሚ በርጩማውን ግድግዳው ሥር አድርገው ተቀምጠው ጠበቁኝ።

"ማጥፋትሽን አየሁት፤ ማጥፋት አትችዪም" አሉኝ። "ሥሪው። ቆንጆ ፊት ይደረግላት። ልጅቷ ስትወጣ ስትገባ እሱን ትይ።"

"የማንን ፊት ላድርግ?"

"የኔን!" አሉ፣ ሌላ የሚታሰብ እንደሌለ። "የልጄ ልጅ ካልቀረ እኔን ይምሰል።"

ኖራውን በቢላ ፋቅሁ። አዴ ሎሚ አገጫቸውን ቀና አድርገው ተቀመጡ። "እኔ ያለሁትን አይደለም የምትሥዪው፤ የነበርኩትን ነው" አሉኝ። "ጉንጬን ሙዪው። አፍንጫዬ ያኔ እንዲህ አልወረደም። ጥርስ ታሳያለሽ? ያኔ ሁሉም ነበሩ።" ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ከነሐሴ ወዲህ ያን በር ስታልፍ የመጀመሪያዋ ነው።

"ክንፉንስ ላጥፋው?" አልኳቸው።

"ክንፉ ይቆይ። ቤተ ክርስቲያን ያሉትም ክንፍ አላቸው፤ ማን ፈራቸው?"

ይህን ብዙ ዘመን አስቤዋለሁ። መላእክት ግማሽ ወፍ ናቸው፤ እናቶቻችን ሥራቸው ቆመው ይጸልያሉ። እኔ የሴት ራስ ወፍ ሳደርግ ግን አንዲት ሴት ምግብ አስጠላት። መጽሐፉ ላይ ያየኋቸው ሠዓሊዎች ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም። እነሱ ሴትን ዛፍም ወፍም ሐይቅም ሲያደርጉ ነገሩ ሸራው ላይ ይቀራል። ዝዋይ ላይ ሥዕሉ የሚያርፍበት ገላ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሽንኩርት ይልጣል።

ፊቱ አማረ። ጫልቱ መብላት ጀመረች። እኔም ለሁለት ሳምንት ያለ ሐሳብ ተኛሁ። ኅዳር ሲገባ በሄድኩበት ቅዳሜ ግን አንድ ነገር አየሁ። ከሥር ያለው ምንቃር በጥቁር የተሠራ ነበር፤ አዲሱን ቀለም አልፎ ብቅ ብሏል። ከላይኛው ከንፈር በስተግራ፣ ወደ አፍንጫ የሚወጣ አንድ ቀጭን መስመር።

"አዴ ሎሚ፣ ይቺን ላስተካክላት" አልኩ።

ጠጋ ብለው አዩት። "ምኗን? እኔስ በዚህ ዕድሜዬ ፊቴ ላይ መስመር አላወጣሁም? ተያት።" ቀለምም አልነበረም። ተውኳት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከአውቶቡስ ወርጄ ጋሪ ተሳፈርኩ። ባለ ጋሪው ወዴት እንደምሄድ ሲሰማ "የቱሉ ሚስት ሐሙስ ወለደች" አለኝ።

"ምን ወለደች?"

"ሴት።"

"ደኅና ናት?"

ፈረሱን ቼ አለው።

ዓሣ ቤቱ ተዘግቷል፤ በሩ ግን ገርበብ ብሏል። ቱሉ ደጅ ላይ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሟል፤ ሰላም ስለው አልሰማኝም። ውስጥ የሰፈር ሴቶች በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ገንፎው መሀል ላይ ቀርቧል፤ ማንም አልነካውም፤ ቅቤው ረግቶ ጠርዙ ላይ ነጥቷል። ሴት ስትወልድ የሚባለውን እልልታ ያለ ሰው አልነበረም። ከቡልቡላ የመጡ አንዲት ዘመድ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው "ምንቃር ነው አሉ የወጣባት" ሲሉ ሰማሁ። የሚስቀውን ዓሣ ተደግፌ ቆምኩ።

አዴ ሎሚ ከጓዳ ወጡ። ሕፃኗን ታቅፈዋል። የሦስት ቀን ልጅ ሰው ፊት አትወጣም፤ ሴቶቹ ሁሉ ደንግጠው ተንጫጩ። እሳቸው ግን መሀል ድረስ መጡ፤ ከግድግዳው ሥር፣ ከገዛ ፊታቸው ሥር ቆሙ፤ ልብሱን ከሕፃኗ ፊት ገለጡ። አየኋት። የላይኛው ከንፈሯ እስከ አፍንጫዋ ሥር ተሰንጥቋል። በስተግራ።

"እዩ" አሉ። "ማንን መሰለች?"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ዐይናችሁን አሟችኋል? ግድግዳው ላይ ያለው ማነው?"

"እርስዎ ነዎት" አለች አንዷ ቀስ ብላ።

"ታዲያ ከንፈሬን እዩት። የልጄንም ልጅ እዩ።" በከዘራቸው ጫፍ ያቺን መስመር ነኳት። "ቁርጥ እኔን ነው የመሰለች። ደግሞ ሌላ ሚስት ስትፈልጉለት የነበራችሁ! የእኔን መልክ የምትወልድለት ከየት ልታመጡለት ነው?"

ሌላ ሚስት ሲፈልጉ የነበሩት ራሳቸው እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። የአዴ ሎሚ ከንፈር ደግሞ ቀጭን፣ ስንጥቅም ጠባሳም የሌለበት፣ እፊታችን ይናገር ነበር። ግድግዳውን ትቶ እሱን ላየ ሰው ሁሉ ግልጽ ነው። ያንን ለማለት የደፈረ አልነበረም። የቡልቡላዋ ዘመድ እንኳ አንገታቸውን ደፉ። እርጉዝ ያየችውን ትወልዳለች ብለው ያስተማሩን እነሱው ናቸው፤ ጫልቱ አየች፣ ወለደች፤ አለቀ።

እልልታውንም ራሳቸው ጀመሩት። ብቻቸውን አንዴ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፦ "አንቺ የናዝሬት ልጅ፣ አፍሽ ተያዘ?"

እልል አልኩ። ሌሎቹ ተቀበሉኝ።

ጓዳ ስገባ ጫልቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። "ምንድን ነው እልልታው?" አለች።

"አዴ ሎሚ እኔን ነው የመሰለች አሉ።"

"እሳቸውን?"

"ከንፈሬን ነው የወሰደች አሉ።"

ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። "አቤት ውሸት!" አለች። እያለቀሰች ነው ያለችው። ከዚያ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ "ያን ገንፎ አምጪልኝ፤ ከሐሙስ ጀምሮ አልበላሁም" አለችኝ።

መኮንን መጥቶ ሕፃኗን ቀና አድርጋ እንዴት እንደምታጠባት አሳያት። ከሰዓት በኋላ በሐይቁ መንገድ ወደ አውቶቡስ ተራ ሸኘኝ። አባ ኮዳዎቹ እንደ ልማዳቸው ቆመዋል። ላያቸው አልቻልኩም።

"በስተግራ ነው" አልኩት። "መስመሩ የወጣበትም በስተግራ ነው።"

ቆመ። ግራ እጁን ዘረጋ። "ዝዋይ መቼ መጣሽ?"

"ሐምሌ።"

"ያኔ ስንተኛ ወሯ ነበር?"

"አምስተኛ።"

"ከንፈር የሚገጥመው በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወር ነው። መጋቢት፣ ሚያዝያ።" ጣቶቹን አንድ አንድ አጠፈ። "አንቺ መጋቢት ላይ የት ነበርሽ?"

"ናዝሬት።"

"ብሩሽሽስ?"

"ናዝሬት።"

"በቃ" አለኝ።

ልጅቷ ከፍ ስትል አዲስ አበባ ተወስዳ ከንፈሯ ተሰፋ፤ ይዟት የሄደው መኮንን ነው። ዛሬ ሻሸመኔ ትኖራለች፣ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ስትስቅ ካልሆነ ጠባሳው አይታይም፤ እሷ ደግሞ የአባቷ ልጅ ናት፣ ሁልጊዜ ትስቃለች። አዴ ሎሚ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆናቸው። እስኪሞቱ ድረስ ያቺን ልጅ "የኔ መልክ" እያሉ ነው የጠሯት። ጫልቱ ከዚያ በኋላ ሌሎች ሁለት ወለደች፤ ስለ ሌላ ሚስት ያነሣ አልነበረም።

እኔ አስተማሪ ሆንኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካርታና የባቄላ ተክል ሥያለሁ። ወፍ ግን ሥዬ አላውቅም፤ ልጆቹ ይሣሉልን ሲሉኝ ራሳችሁ ሞክሩ እላቸዋለሁ። መኮንንን አግብቼ ሦስት ጊዜ አርግዣለሁ። ሦስቱንም ጊዜ፣ በተለይ ሳራን፣ ጭንቀቱ ተነሥቶ ይይዘኝ ነበር። እያንዳንዱን ጊዜ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁት። ሰለቸኝ አላለም፣ አልሳቀብኝም፣ ነግሬሻለሁ እኮም አላለም። እጁን ዘርግቶ ከመጀመሪያው ይጀምራል፦ ዝዋይ መቼ መጣሽ? ልጆቹ አድገው ከወጡ በኋላም፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ ምሳ እየበላን ሳለ ጠይቄው አውቃለሁ። ማንኪያውን አስቀምጦ ቆጥሮልኛል።

አሁን ይህን ስጽፍ የገባኝ ነገር አለ። አዴ ሎሚ ያን ቀን አንድ ጊዜ ዋሽተው አንዲት ሴት አተረፉ። መኮንን እውነቱን ነው የነገረኝ፤ እውነቱ ግን አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚበቃ ዓይነት አልነበረም፤ አርባ ስንት ዓመት ደጋገመው። ሰዎች ሲያጽናኑኝ ስለ ደግነቱ፣ ስለ ሥራው ያወራሉ። ይህን የሚያውቅ የለም።

እሱ ከሄደ ወዲህ ራሴ እሞክራለሁ። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ጣቶቼን እዘረጋለሁ። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። ሒሳቡ ይገጥማል፤ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተም። ግን "ብሩሽሽስ?" ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።